ስለ ግንደ ሕዋስ ሕክምናና ከእርሱ የሚነሣውን ዕጢ ስለ መከላከል

የእንጦጦን ጋራ ያየ ሰው ባሕር ዛፉን ሳያይ አይመለስም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን በጋራው ላይ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ ይሳሳ ነበርና፥ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ይህ ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተተከለ፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ጠባዩን የጕለሌ እንጨት ቈራጭ ሁሉ ያውቀዋል። በመጥረቢያ ቢቈርጡት ጕቶው አይሞትም፤ ዝናብ ባገኘ ጊዜ ከአንዱ ጕቶ ብዙ ቡቃያ ያቈጠቍጣል። ባለቤቱ ከቡቃያው ሁለቱን ወይም ሦስቱን መርጦ የቀረውን ካልመለመለው ግን ሁሉም ቀጥኖና ተጣምሞ ይወጣል፤ ለወራጅም ለማገርም ሳይሆን ቦታውን ሞልቶ ይቀራል።

በሰውም አካል ውስጥ እንደዚህ ጕቶ ያለ ነገር አለ። የዘመናችን ሊቃውንት ግንደ ሕዋስ ይሉታል። ሕዋስ የሚለውን ቃል የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ማየትን፥ መስማትንና የቀሩትን አምስቱን ሕዋሳት ለመጥራት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን የሕያው ሥጋ ሁሉ መሠሪያ የሆነችውንና ያለ ማጉያ መነጽር የማትታየውን ደቂቅ አካል ለማመልከት ተነግሯል። ቤት ከድንጋይ ድርድር እንደሚሠራ የሰው ሰውነት ከሕዋሳት ተሠርቷል፤ ቍጥራቸውም ወደ 30 ትሪልዮን እንደሚደርስ ይገመታል። አንድ ትሪልዮን ማለት ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው።

ከእነዚህ ሕዋሳት የሚበልጡት ሥራቸው የተለየ ነው። የቆዳው ሕዋስ ቆዳ ነው፥ የልቡም ልብ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ግንደ ሕዋስ ግን ገና ሥራው አልተለየለትም፤ ሁለት ኃይልም አለው። ይኸውም አንደኛ ራሱን የመሰለ ሌላ ግንደ ሕዋስ ማውጣት ነው፤ ሁለተኛ ተለውጦ ሥራ ያለው ሕዋስ መሆን ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያለው ግንደ ሕዋስ ለምሳሌ በየሰከንዱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚሆኑ ቀያይ የደም ሕዋሳትን ያወጣል። ቀዩ የደም ሕዋስ ከ120 ቀን ያህል በላይ አይኖርምና፥ ይህ ምንጭ ቢደርቅ ሰው በወራት ውስጥ ደሙ አልቆ ይሞታል።

ይህ የመቅኔው ምንጭ መኖሩ በማስረጃ የታወቀው በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ቲልና ማክሎክ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ሥራ ነው። ከዚህ በታች በውጭ አገር ስለ ሆነው ነገር የሚጠራው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ሊቃውንቱ መቅኔያቸው በጨረር የተገደለባቸውን አይጦች የሌላ አይጥ መቅኔ ሰጧቸው፤ ከዐሥር ቀን ያህል በኋላ በአይጦቹ ጣፊያ ላይ ትንንሽ ጕብጕብታ ታየ፤ እያንዳንዱም ጕብጕብታ ከአንዲት ሕዋስ የወጣ ቤተ ሰብ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ግንደ ሕዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የታየው ዕባጭ መስሎ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ከዚያም አስቀድሞ አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በ1957 የሌላ ሰው መቅኔ ለሕሙማን ስለ መስጠቱ ጽፎ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ባይድኑም ሥራው ቀስ በቀስ ሰምሮ ብዙ የደም ነቀርሳ ሕሙማንን አዳነ፤ እርሱም በ1990 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በዚህ ጽሑፍ ነቀርሳ ሲባል ዛሬ ካንሰር የሚሉት በሽታ ነው እንጂ የሳምባ ነቀርሳ አይደለም፤ የሳምባው በተላላፊ ተሕዋስያን የሚመጣ ሌላ ደዌ ነው።

የመቅኔው ግንደ ሕዋስ ከደም በቀር ሌላ አያወጣም። በፅንስ መጀመሪያ ቀኖች የሚገኘው ግን ልብም፥ ነርቭም፥ ጥርስም፥ ጠጕርም ሊሆን ይችላል። የዚህም ዕውቀት የተገኘው ከዕጢ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ሊሮይ ስቲቨንስ አንድ ዐይነት አይጦች በቈላቸው ውስጥ ልዩ ልዩ ሥጋ የተቀላቀለበት ዕጢ እንደሚያወጡ አይቶ ረዥም ዘመን መረመረው። እንዲህ ያለው ዕጢ ቴራቶማ ይባላል፤ በውስጡ ጠጕርና ጥርስ፥ አጥንትና ቆዳ ያለ ሥርዐት ተደባልቀው ይገኛሉ። ምርመራው ወደ ኋላ ሲከተሉት ሁሉን መሆን የምትችል ሕዋስ ዘንድ አደረሰ፤ በ1981 ማርቲን ኢቫንስና ማቲው ካውፍማን በእንግሊዝ፥ ጌይል ማርቲን በአሜሪካ ይህችን ሕዋስ ከአይጥ ፅንስ ለይተው በመስተዋት ዕቃ ውስጥ አሳደጓት። የሰው ፅንስን ሕዋስ በ1998 ያሳደገው ጄምስ ቶምሰን የሚባል የዊስኮንሲን ሊቅ ነው። ስለዚህ ዕጢው ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። ሕዋሷ በእውነት ሁሉን መሆን የምትችል እንደ ሆነች የሚታወቀው ለአይጥ ሲሰጧት ቴራቶማ ስታወጣ ነው፤ የኃይሏ ምስክር ራሱ አደጋዋ ነው።

ከሰው ፅንስ መውሰድ በብዙ አገር የኅሊና ክርክር አመጣ። ክርክሩን በሌላ መንገድ ያለፈው ጃፓናዊው ሐኪም ሺንያ ያማናካ ነው። በኪዮቶ ከተማ ሲሠራ በ2006 ከአይጥ፥ በ2007 ከሰው ቆዳ የተወሰደን ሕዋስ አራት ጂኖች ብቻ ጨምሮበት ወደ ፅንስ ጠባይ መለሰው። ጂን ማለት በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ተጽፎ የሚኖር፥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የሥራ ትእዛዝ ነው። ከአርጅቶ የደረቀ እንጨት ለምለም ቡቃያ እንደ ማውጣት ያለ ነገር ስለ ሆነ ዓለም ተደነቀ፤ ያማናካም በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ነገር ግን ከአራቱ ጂኖች አንዱ ሲ-ሚክ የሚባለው በነቀርሳ ውስጥ የሚታወቅ፥ ሕዋስን ያለ ልክ እንዲባዛ የሚያዝዝ ነበር። ከዚህ ሕዋስ ከተገኙት አይጦች ከአምስቱ አንዱ ያህል ዕጢ አወጣ። ያማናካም ይህን ሳይሸሽግ በ2007 ራሱ አሳትሞ አስታወቀ፤ ለዕውቀት ሰው የሚገባው ይህ ነው።

አደጋው በሁለት በር ይገባል። አንደኛው ሕዋሷ ራሷ ስትለወጥ በጂኖቿ ላይ ስሕተት ሲገባ ነው። ሕዋሳት በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሲራቡ ቶሎ የሚባዛው ቀስ ብሎ የሚባዛውን እየዋጠ ይሄዳል፤ እንክርዳድ በስንዴ ላይ እንደሚያሸንፍ ነው። በ2017 ሊቃውንት 140 የሰው ፅንስ ሕዋስ ዘሮችን መርምረው ከእነርሱ አምስቱ ነቀርሳን የሚከለክለው ጂን የተበላሸባቸው ሕዋሳት እንዳሉባቸው አገኙ። ሁለተኛው በር የቀረ ጕቶ ነው። ሐኪሙ ለሕመምተኛው የሚሰጠው ወደ ልብ ወይም ወደ ነርቭ የተለወጠውን ሕዋስ ነው፤ በመካከሉ ግን ሳትለወጥ የቀረች ብትኖር ከሥጋ ውስጥ ገብታ እንደ ጠባይዋ ታቈጠቍጣለች።

ይህን አስተማሪው በሰሌዳ ላይ በሒሳብ ቢያሳየው መልካም ነው። ለአንድ ሕመምተኛ 1,000,000,000 ሕዋሳት ይሰጡ እንበል። ዝግጅቱ እጅግ ጥሩ ሆኖ ያልተለወጠው ከ100,000 አንድ ብቻ ቢሆን፥ በዚያ መጠን ውስጥ 10,000 ያልተለወጡ ሕዋሳት አሉ ማለት ነው። በአይጥ ላይ እንደ ታየው ይህን ያህል፥ ከዚህም ያነሰ ቴራቶማ ለማውጣት ይበቃል። ሐኪሙ ከመቶ እጅ 99 እጅ ከዚያም በላይ አጥርቻለሁ ቢል ጆሮን ደስ ያሰኛል፤ ሒሳቡ ግን ገና አደጋ አለ ይላል።

በሰው ላይም ደርሷል። አንድ እስራኤላዊ ሕፃን ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና ሚዛን የሚያሳጣ የዘር በሽታ ነበረበትና፥ ወላጆቹ ከ2001 ጀምሮ ወደ ሞስኮ ወስደው ከጨነገፉ ፅንሶች የተወሰደ የነርቭ ግንደ ሕዋስ በአንጎሉና በኅብለ ሰረሰሩ አስገቡለት። ከአራት ዓመት በኋላ በሁለቱም ቦታ ዕጢ ተገኘ። በ2009 በታተመው ምርመራ ከዕጢው ውስጥ የሴት ሕዋስ ተገኘበት፤ ሕመምተኛው ወንድ ነበርና ዕጢው ከተሰጠው ሕዋስ እንደ መጣ በዚህ ታወቀ፤ ሰጪዎቹም ቢያንስ ሁለት ነበሩ። በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ሌላ ነገር ጻፉ። ኅብለ ሰረሰሯ ተጐድቶ እግሮቿ የማይሄዱላት ወጣት በፖርቱጋል ከአፍንጫዋ ውስጥ ሥጋ ተወስዶ በጀርባዋ ተተክሎላት ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ጀርባዋን አመማትና ሲከፈት የአፍንጫ ንፍጥ የሚያመነጭ ዕባጭ ተገኘ። ነቀርሳ አልነበረም፤ ከአፍንጫ የመጣው ሕዋስ በጀርባም ሆኖ የአፍንጫ ሥራውን ሲሠራ ነበር። በ2016 የተጻፈው ሦስተኛው ሰው የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መታገድ ከሚያመጣው ሽባነት ለመዳን ወደ ቻይና፥ ወደ አርጀንቲናና ወደ ሜክሲኮ ሄዶ ልዩ ልዩ ሕዋስ ተወጋ፤ በኅብለ ሰረሰሩም ውስጥ ከሌላ ሰው ሕዋስ የተሠራ ዕጢ በቀለበት።

ከሦስቱ ሁለቱ ገንዘብ ይዘው፥ ሥራው በሕግ ወደ ተፈተነበት ሳይሆን ተስፋ ወደሚሸጥበት የሄዱ ናቸው። በአገራችንም የታመመ ልጅ ያለው አባት ላሙንና መሬቱን ሸጦ፥ ዘመድ አዋጥቶለት ወደ ውጭ ሊሄድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚመክረው ከሽማግሌ ወይም ከአስተማሪ ጋር ነው። መካሪው ሐኪም ባይሆንም ሊያስጠይቅ የሚችለው ነገር አለ። ሕዋሱ የራሱ የሕመምተኛው ነው ወይስ የሌላ ሰው? ያልተለወጠው ሕዋስ የተቈጠረው በምን ነው? ሕክምናው የተፈቀደ ነው ወይስ ገና የሚፈተን? የሚፈተን ከሆነ ገንዘብ ስለ ምን ይጠየቃል? ከተመለሱ በኋላ ለስንት ዓመት ይመረመራል፥ የሚመረምረውስ ማነው? አንድ ግንደ ሕዋስ ስኳርንም፥ ሽባነትንም፥ ዕውርነትንም ያድናል የሚል ማስታወቂያ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይኖረውም። የመቅኔ ሕክምና ለደም ነቀርሳና ለጥቂት የደም በሽታዎች የተመሰከረለት ስለ ሆነ ከዚህ ጋር አይቈጠርም፤ ሽማግሌው ሁለቱን ቀላቅሎ መልካሙንም እንዳይከለክል መጠንቀቅ ይገባዋል።

በሕግና በጥንቃቄ የተሠራውም ቢሆን አደጋ አላጣውም። በፓሪስ አለን ፊሸርና ባልደረቦቹ ከ1999 ጀምሮ የሰውነት መከላከያ ሳይኖራቸው ለተወለዱ ሕፃናት የራሳቸውን መቅኔ ወስደው፥ የጐደለውን ጂን በቫይረስ አስጭነው መለሱላቸው፤ በሎንዶንም እንዲሁ ተደረገ። ብዙዎቹ ዳኑ። ነገር ግን ቫይረሱ ጂኑን ያስቀመጠው ባጋጠመው ስፍራ ነበርና፥ በአንዳንዱ ሕዋስ ከዕድገት ትእዛዝ አጠገብ ወድቆ ያንን የተኛ ትእዛዝ ቀሰቀሰው። ከ20ዎቹ ሕፃናት አምስቱ ከሁለት ዓመት ጀምሮ በልዩ ልዩ ጊዜ የደም ነቀርሳ ያዛቸው፤ አንዱ ሞተ። ሊቃውንቱ ሥራውን አቁመው ቀስቃሹ ክፍል የተወገደለት ተሸካሚ ሠሩ፤ በ2014 በወጣው ጽሑፍ በዐዲሱ ከታከሙት ዘጠኝ ሕፃናት በአንዱም ላይ የደም ነቀርሳ አልታየም።

አሁን መከላከያው እንዴት እንደሚሠራ ይነገር። ከሁሉ በፊት ሕዋሱ ሲሠራ ነው። ከያማናካ በኋላ ሲ-ሚክ በሚባለው ፈንታ የዋህ የሆነ ዘመዱ ገባ፤ ጂኖቹም በሕዋሱ ጽሑፍ ውስጥ ለዘላለም እንዳይተከሉ፥ ሥራቸውን ፈጽመው እንዲጠፉ የሚያደርግ መንገድ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ማጥራት ነው። የጃፓን ሊቃውንት በ2013 ያወጡት መንገድ ለገበሬ ልጅ ለማስተማር የተመቸ ነው። ሕዋስ ሁሉ ስኳር ይበላል፤ የልብ ሕዋስ ግን በእርጎ ውስጥ የሚገኘውን ላክቲክ የሚባለውን ኮምጣጣ ነገርም በልቶ መኖር ይችላል። ስለዚህ ከምግቡ ስኳሩን አውጥተው ይህን ብቻ ሰጧቸው። ወደ ልብ የተለወጡት ኖሩ፤ ያልተለወጡት በረኀብ አለቁ። ማንም በእጁ ሳይለቅም እንክርዳዱ ብቻ ደረቀ። ለነርቭ ሕዋስ ደግሞ ይህ አይሆንምና፥ በላዩ የሚገኘውን ልዩ ምልክት በሚያውቅ ነገር እየለዩ ምልክት ያለውን ብቻ ይወስዳሉ።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ብልሃት ያለበት ነው። ሕዋስ ሁሉ የመሞት ትእዛዝ በውስጡ አለው። ሕፃን በማሕፀን ሳለ እጁ በመጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነው፤ ጣቶቹ የሚለያዩት በመካከላቸው ያሉት ሕዋሳት ራሳቸውን ሲያጠፉ ነው። ይህን ከሚፈጽሙት አገልጋዮች አንዱ ካስፔዝ 9 ይባላል። ሊቃውንት አገልጋዩን ጥቂት ለወጥ አድርገው፥ አንድ የተለየ መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ ተኝቶ እንዲቈይ አድርገው በሕዋስ ውስጥ አኖሩት። በ2011 በአሜሪካ የሌላ ሰው መከላከያ ሕዋስ ተሰጥቷቸው ሕዋሱ በገላቸው ላይ ለተነሣባቸው አራት ሕሙማን መድኃኒቱ ተሰጠ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከመቶ ከ90 በላይ የሆነው ሕዋስ ጠፋ። መብራትን በማጥፊያ እንደ ማጥፋት ያለ ነው።

በ2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይህን ማጥፊያ ናኖግ ከሚባል ጂን ጋር አሰሩት። ናኖግ የሚሠራው ባልተለወጠው ሕዋስ ብቻ ነው፤ ሕዋሱ ልብ ወይም ነርቭ ሲሆን ዝም ይላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲፈስስበት የሚሞተው ያልተለወጠው ብቻ ነው፤ ቍጥሩም ከሚሊዮን ወደ አንድ ወረደ። ቀድሞ ወደ ተሠራው ሒሳብ ብንመለስ፥ በመጠኑ የነበሩት 10,000 ለሚሊዮን ሲካፈሉ አንድ ከመቶ ይሆናል፤ ይኸውም በመቶ መጠን ውስጥ አንዲት ሕዋስ ብትቀር ነው። በዚህም ሳይተዉ፥ ሕዋሱ ከሰውነት ከገባ በኋላ ክፉ ቢመጣ የተሰጠውን ሁሉ በሌላ መድኃኒት የሚያጠፋ ሁለተኛ ማጥፊያ ጨመሩበት።

ማጥፊያውስ ቢበላሽ? ሕዋስ ሲባዛ ጽሑፉን ሲገለብጥ ይሳሳታልና፥ ማጥፊያውን የሳተ ቢገኝ ከሁሉ በላይ የሚያድገው እርሱ ነው። የቶሮንቶው አንድራስ ናጊና ባልደረቦቹ በ2018 ለዚህ መልስ አወጡ። ማጥፊያውን ሕዋስ ያለ እርሱ ሊባዛ ከማይችልበት ጂን ጋር በአንድ ቋጠሮ አሰሩት። ማጥፊያውን የሚጥል ሕዋስ መባዛቱንም አብሮ እንዲጥል ማለት ነው፤ ሌባ ቍልፉን ሲሰብር መሰላሉም እንዲሰበር እንደ ማድረግ ነው።

የሌላ ሰው ሕዋስ ከሆነ ሰውነቱ ራሱ ሊዋጋው ይነሣል፤ ይህን ለማብረድ መድኃኒት ይሰጣል። በጕለሌ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ኩላሊትን ከሰው ወደ ሰው ማዛወር ከጀመረ ወዲህ በአገራችን ይህን መድኃኒት ሳያቋርጡ የሚወስዱ ሰዎች አሉ። መድኃኒቱ የሰውነትን ዘበኛ የሚያስተኛ ስለ ሆነ የነቀርሳን አደጋ ያበዛል፤ በጠቃሚው መድኃኒት ላይ ይህ ዋጋ አለበት። ስለዚህ ከራስ ቆዳ የተሠራ ሕዋስ ይሻላል ቢባል፥ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ሲዘጋጅ ምርመራው ብዙ ወጪና ጊዜ ይጠይቃል።

ጃፓናውያን ሁለቱንም ሞክረዋል። በ2014 በኮቤ ከተማ ማሳዮ ታካሃሺ የምትባል የዐይን ሐኪም ከሰባ ዓመት በላይ ለሆናቸው አንዲት ሴት ከራሳቸው ቆዳ የተሠራ ስስ ሽፋን በዐይናቸው ውስጥ አኖረች፤ ዕጢ አልወጣባቸውም፥ ማየታቸውም ከዚያ አልባሰም። ለሁለተኛው ሕመምተኛ የተዘጋጀው ሕዋስ ግን ሲመረመር የጂን ለውጥ ታየበትና በ2015 ሥራው ተከለከለ፤ ሕመምተኛውም አልተሰጠውም። ሕዋሱ ክፉ ያድርግ አያድርግ አልታወቀም ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን ባልታወቀ ነገር የሰውን ዐይን አንፈትንም አሉ። በ2018 በኪዮቶ የተጀመረው ሌላው ሙከራ ፓርኪንሰን ለሚባለው፥ እጅ ለሚያንቀጠቅጠውና አካሄድን ለሚያስርው በሽታ ነበር። ከሌላ ሰው የተሠራ፥ በምልክቱ የተለየ የነርቭ ሕዋስ በሰባት ሕሙማን አንጎል ግራና ቀኝ ተተከለ። ውጤቱ በ2025 ታተመ። እስከ 24 ወር ድረስ በአንጎል ሥዕል ሲጠበቁ በአንዱም ላይ ዕጢ አልታየም፤ መድኃኒት ባልወሰዱበት ሰዓት ከተመረመሩት ስድስት ሕሙማን አራቱ በእንቅስቃሴያቸው ተሻላቸው። በፖርቱጋል የታከመችው ወጣት ዕባጭ የታወቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነበርና፥ እነዚህ ሰባቱ ከ24 ወር በኋላም ገና ብዙ ዘመን እየተመረመሩ መጠበቅ አለባቸው።